ፊቱ የጠቆረው የሙሽራዋ አባት

አንድ ድንጋይ ጠራቢ ነበረ፤ ስሙ ጠንክር ይባላል። ለወፍጮ የሚሆን ድንጋይ ከገደል ፈልፍሎ፣ ጠርቦና አለስልሶ ላገሩ ሁሉ የሚያቀርብ እሱ ነበር። ጉልበቱ የታወቀ ነው። ከጉልበቱ ይበልጥ የታወቀው ግን ቻይነቱ ነበር። አንድ ጊዜ መዶሻ አውራ ጣቱን ሲጨፈልቀው፣ አብረውት የነበሩት ሰዎች «ወይኔ!» ብለው ሲጮኹ፣ እሱ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ሥራውን ቀጠለ። ወባ ይዞት ሲንቀጠቀጥ «ምን ሆንክ?» ቢሉት «ነፋሱ ነው» አለ።

ሰዉም ያደንቀው ነበር። «ጠንክር እኮ ከሚጠርበው ድንጋይ የተሠራ ነው» ይሉለታል፤ እሱም ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ሙገሳው መዘዝ ነበረው። ታሞ ሲተኛ «እሱን ደግሞ ምን ይነካዋል» እየተባለ ጠያቂ አይመጣም። ወንድሙ የሞተ ጊዜ እንኳ፣ ለቅሶ የደረሰው ሰው ሌላውን ዘመድ እየደገፈና እያጽናና ሲውል፣ እሱን ግን ማንም አጠገቡ አልደረሰም። ጠንክርም ጥግ ይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ዝም አለ።

ይህ ሰው አንጓች የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ፣ ከወንዝ ማዶ የሚኖር ቢሻው የሚባል ማር ነጋዴ ልጃለም ለተባለው ልጁ ሽማግሌ ላከ። ጠንክር በዚህ ጋብቻ እንደተደሰተ በምንም ነገር ተደስቶ አያውቅም። ልጃለም ጭምትና ሥራ ወዳድ ነው። ቢሻው ደግሞ ሳቁ ከማዶ የሚሰማ፣ ሰውን ሳያቅፍ ሰላም የማይል ሰው ነበር። ጠንክር ለማንም አልተናገረም እንጂ፣ «እንዲህ ያለ ወዳጅ በኖረኝ» እያለ በልቡ ይመኝ ነበር። እንዲህ ነው፤ ሕመሙን የሚደብቅ ሰው ደስታውንም አውጥቶ መናገር አይሆንለትም።

ሰርጉ ደረሰ። ዳሱ ተጣለ፣ ሰንጋው ተገዛ፣ ዘመድ ከየአቅጣጫው ተጠራ። ልክ በዚያው ሰሞን ጠንክርን ከታች በግራ በኩል ያለው መንጋጋው ይጠዘጥዘው ጀመር።

መጀመሪያ ናቀው። ቀጥሎ ቅርንፉድ ነከሰበት። ከዚያ ነጭ ሽንኩርት ወተፈበት፣ አረቄም ጉንጩ ውስጥ ይዞ ዋለ። ጥርሱ ግን ሥሩ ድረስ ተበልቶ ስለነበር፣ ሕመሙ ከመንጋጋው ተነሥቶ ጆሮው ውስጥ ገባ፣ ከጆሮው ወጥቶ እስከ አናቱ ድረስ ዘለቀ። ጠንክር ክፉ ቀን በመጣ ቁጥር ጥርሱን ነክሶ ማሳለፍ ልማዱ ነበር። አሁን ግን የታመመው ያው የሚነክስበት ጥርስ ራሱ ነው። በምን ይንከስ?

ሚስቱ ይታይሽ ፊቱን አይታ ጠጋ አለችው።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

«ፊትህ ጠቁሯል እኮ።»

«ምንም አልሆንኩም አልኩሽ!»

መቆጣቱ አልነበረም፤ አፉን ብዙ መክፈት ስላልቻለ ቃሉን ቆርጦ መወርወሩ ነው። ሊነግራትማ አስቦ ነበር። ግን «ሰው ሁሉ ሽር ጉድ ሲልና ሲደሰት እኔ ጥርሴን ብዬ ላላዝን? ነውር ነው» አለና ተወው። ይታይሽ ይህን ከየት ታውቃለች? ወደ ጓዳ ገብታ ለእህቷ «ወንድሞቼን ሁሉ በመጥራቴ ተናዶብኛል» አለቻት። ከዚያ ወዲያ በገዛ ልጇ ድግስ፣ በገዛ ቤቷ፣ እንደ እንግዳ አንገቷን ደፍታ ትሠራ ጀመር።

የሰርጉ ዕለት ሰርገኛው ወንዙን ተሻግሮ፣ ከበሮ እየመታ መጣ። የሙሽራዋ ወገኖችም እንደ ወጉ በሩን ዘግተው ጥቂት ካስለመኑት በኋላ ለቀቁለት። ቢሻው ከሁሉ ፊት ነበር። ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ፣ እጆቹን እንደ ንስር ክንፍ ዘርግቶ፣ «አቶ ጠንክር! እንኳን ለዚህ አበቃን!» እያለ መጣና አንገቱን አቅፎ ጉንጩን ሳመው። ቀኝ ጉንጩን ሲስመው ደኅና ነበር። ግራውን ሲስመው ግን ጠንክር እባብ እንደነካው ሰው ወደ ኋላ ተስፈነጠረ።

የቢሻው እጆች አየር ላይ ቀሩ።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ቢሻው፣ ቀስ ብሎ፣ አጠገቡ ላሉት ለአባ ጓንጉል። አባ ጓንጉል ከሰርገኛው ጋር የመጡ፣ አጥንት በመጠገንና ጥርስ በመንቀል የታወቁ ሽማግሌ ወጌሻ ናቸው።

«የድግስ ድካም ይሆናል፤ እለፈው» አሉት።

ቢሻው አለፈው። ምግብ ሲቀርብ ግን ጠንክር እንዳልበላ አየ። ወሬ ቢያወራው «አዎ» እና «አይ» ብቻ ሆነ መልሱ። ቢሻው በሳቅ ያደገ ሰው ነውና፣ እንዲህ ያለው ዝምታ ከስድብ ይብስበታል። የሆነ ሆኖ ነገሩን በፍቅር ላብርደው ብሎ ተነሣ። ያመጣው ከራሱ ቀፎ የተቆረጠ ነጭ ማር ነበር፤ ከነሰፈፉ፣ እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ። ከሁሉ በፊት ለሙሽራዋ አባት በገዛ እጁ ሊያጎርስ አስቦ ነበር ከቤቱ የወጣው።

«ይህን ከእጄ ይጉረሱልኝ፤ ፍቅራችን እንደዚህ ይጣፍጥ!» አለና በዳሱ ፊት አንድ ትልቅ ጉርሻ ዘረጋለት።

ጠንክር ማሩን አየው። ጉርሻ መመለስ እንደማይቻል ያውቃል። አፉን ከፈተ። ማሩ ወደ ግራ ሄደ።

ማር በተበላ ጥርስ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ የደረሰበት ያውቀዋል። ጠንክር ዓይኑ ፈጠጠ፣ እንባው ግጥም አለ፣ ማሩንም ሳያስበው ቱፍ አለው። በቢሻው ነጭ ጋቢ ላይ።

ከበሮው ቆመ።

«የሰው ማር ይተፋል?» አለ ከሙሽራው ወገን አንዱ። «ንቀውናል!» አለ ሌላው። ጎረምሶቹ ዱላቸውን መፈለግ ጀመሩ። ቢሻው ፊቱ ቀላ። ግን አልጮኸም፤ አለመጮሁም ነበር የሚያስፈራው።

«አቶ ጠንክር» አለ፣ «እኔን ቢጠሉኝ መብትዎ ነው። ነገር ግን ካልወደዱን ሽማግሌ የላክን ጊዜ እምቢ ማለት ነበር። በሰርጉ ቀን ልጄን በሰው ፊት ማዋረድ ከእንደርስዎ ያለ ሰው አይጠበቅም። ልጆች፣ በቅሎዎቹን ጫኑ! እንሄዳለን።»

ጠንክር ሊናገር ፈለገ። ሊለው የሚገባው ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ «አመመኝ» የሚል። በሕይወቱ ግን ይህን ቃል ብሎት አያውቅም፤ ምላሱም አላገኘውም። ዙሪያውን አየ። ይታይሽ ከጓዳው በር ላይ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ትጠርጋለች። ወንድሞቿ «በእኛ ምክንያት ነው» እያሉ ሊወጡ ተነሥተዋል። ሙሽራው ልጃለም ራሱን ደፍቶ መሬት መሬት ያያል።

በዚህ ጊዜ ሙሽራዋ ተነሣች። ሙሽራ ከተቀመጠችበት አትነሣም፣ አንጓች ግን ተነሣች። ዓይነ ርግቧን ገልጣ መጥታ ከአባቷ ጉልበት ሥር ተንበረከከች። እንባዋ ኩሉን ይዞ በጉንጯ ላይ ወርዷል።

«አባባ» አለችው፣ «ካልወደዱት ይንገሩኝ። ያለ እርስዎ ምርቃት የትም አልሄድም። እቀራለሁ።»

ጠንክር ልጁን አየ፤ ከዚያም አንድ ነገር ገባው። ሕመሜን ዋጥኩት ብሎ ነበር። ሕመሙ ግን አልተዋጠም፤ ከእሱ ወጥቶ በዳሱ ባለው ሰው ሁሉ ልብ ውስጥ ገብቷል። የእሱ ጥርስ ይታይሽን እያመማት ነበር። ቢሻውን፣ ልጃለምን፣ አሁንም ልጁን እያመማት ነበር። የት ቦታ እንደሚያማቸው ግን አያውቁም ነበር።

«ጥርሴን ነው!» ብሎ ጮኸ።

ሁሉም ዞሮ አየው።

«ጥርሴን ነው እናንተ ሰዎች! ከታች፣ በግራ! አመመኝ! ከጆሮዬ እስከ አናቴ ነደደ! ልጃለምን እወደዋለሁ፣ ቢሻውንም እወደዋለሁ፣ ማሩም ማር ነው። አመመኝ ነው የምላችሁ!»

ብሎ እንደ ሕፃን እዬዬ ብሎ አለቀሰ። ያ ሁሉ ሲጠራቀም የኖረ እንባ መንገድ አግኝቶ ወረደ።

ቢሻው ማር የተለቀለቀ ጋቢውን ወደ ትከሻው ገፋ አድርጎ ቀረበ።

«ጥርስ?» አለ።

«ጥርስ።»

«የቱ ጋ ነው? እስቲ አፍህን ክፈት።» እስካሁን አንቱ ሲለው የቆየው ቢሻው፣ ሳይታወቀው አንተ አለው። ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ያዘ። «ኧረ የጉድ ያለህ! ኑና እዩ! ይህ ጥርስ አይደለም፣ የጅብ ዋሻ ነው! እኔ ደግሞ ጅቡን ማር አጎረስኩት!»

በመጀመሪያ የሳቀው አንዱ ጎረምሳ ነበር። ከዚያ ሚዜዎቹ ሳቁ፤ ከዚያ ዳሱ ሁሉ በሳቅ ተናወጠ። አንጓች እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ጠንክርም ራሱ፣ ጉንጩን በእጁ ይዞ፣ «አታስቁኝ፣ ያመኛል!» እያለ ሳቀ።

ቢሻው አጠገቡ ተቀመጠና የራሱን አፍ በሰፊው ከፈተለት። «ይኸውልህ፤ እኔም እዚህ ጋ የነበረው አቃጥሎኝ ነበር። ሕመሙን ለማንም ሳልናገር ሚስቴን አንድ ሰሞን ሙሉ አኮረፍኳት። ጥርሱ ሲነቀል ኩርፊያውም አብሮ ተነቀለ፤ እስከ ዛሬም ምን አድርጋኝ እንደነበር ስትጠይቀኝ መልስ የለኝም።»

ሚስቱም ከሴቶቹ መካከል ሆና «ለካ ጥርስ ኖሯል!» ብላ ጮኸች፤ ሳቁ እንደገና ተነሣ። አንዱ የጆሮውን፣ ሌላዋ የወገቧን፣ ሌላው ማንም ያላወቀለትን የጉልበት ቁርጥማቱን ያወራ ጀመር። ዱላ ሲፈልጉ የነበሩት ጎረምሶች ዱላቸውን ጥለው የልጅነት ስብራታቸውን ጠባሳ ያሳያዩ ነበር። ጠንክር መካከላቸው ተቀምጦ ያዳምጣል። የሚገርም ነገር ሆነበት፤ ጥርሱ እንዳለ ነው፣ ማንም አልነካውም፣ ግን ያ የሚያነደው ነገር ቀለል ብሎታል። ቢጠዘጥዘውም እንኳ አሁን ሕመሙን ብቻውን አልተሸከመውም።

አባ ጓንጉል ከኮርቻቸው ከረጢት ጉጠት ይዘው መጡ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም ይሉ ነበር አባቶቻችን፤ ለአንተ ግን እንደ እድል ሆኖ ወጌሻ ከሰርገኛው ጋር መጣልህ» አሉት። «በል ተጋደም።»

ቢሻው የጠንክርን ጭንቅላት ጭኑ ላይ አደረገ። አንጓችና ልጃለም እግሮቹን ያዙ። ይታይሽ መጥታ እጁን ያዘችው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«ደስታችሁን እንዳላበላሽባችሁ ብዬ።»

«አሁን ታዲያ አሳመርከው?» አለች። ቀጥላም፣ ለብዙ ዘመን ሆዷ ውስጥ የቆየውን ተናገረች። «አንጓችን ስወልድ፣ ከበሩ ውጭ ሆነህ ‹ምን እንዲህ ያስጮሃታል› ስትል ሰምቼህ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ቢያመኝም ነግሬህ አላውቅም።»

ጠንክር ትኩር ብሎ አያት። ከጥርሱ ይልቅ ይህ ዘልቆ ተሰማው።

«ይቅር በይኝ» አላት። «አላወቅኩም ነበር። አንዲት ጥርስ እንዲህ ካደረገችኝ፣ አንቺ ያን ቀን እንዴት ቻልሽው?»

ይታይሽ እንባና ሳቅ እየተናነቃት እጁን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

«ልጩኽ?» አለ ጠንክር፣ አባ ጓንጉል ጉጠቱን ሲያስጠጉ።

«ጩኽ እንጂ!» አሉት። «አፍህን ያስከፈትኩህ ለምን መሰለህ?»

ጮኸ። እንዲህ ያለ ጩኸት በዚያ አገር ተሰምቶ አያውቅም። ልክ እሱ ሲጮኽ ጥርሱ ወጣ፤ ሴቶቹም ጥርሱን አይተው እልልታውን አቀለጡት። ከወንዝ ማዶ የቀሩት ሰዎች እልልታውን ሰምተው «ሙሽራዋ ወጣች!» ብለው እነሱም እልል አሉ ይባላል።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጭፈራ አይነገርም። ጠንክር አፉን በጥጥ ወትፎ፣ አንድ ጉንጩ እንደ ቅል አብጦ፣ ከቢሻው ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ እስክስታ ወረደ። የሚያውቁት ሁሉ ድንጋይ ሲጨፍር ያዩ ያህል ተደነቁ። የምርቃቱ ሰዓት ሲደርስም ሙሽሮቹ ከፊቱ ተንበረከኩ። ጥጡ አላናግር ቢለውም ቃሉ ይሰማ ነበር።

«ውለዱ፣ ክበዱ» አለ። «ቤታችሁ ይሙላ። ደግሞም ሲያማችሁ ተነጋገሩ። አትደባበቁ፤ ዝም ያላችሁበት ሕመም ለሌላው ቁጣ መስሎ ይታየዋልና።»

«አሜን!» አለ ዳሱ በአንድ ድምፅ።

ጠንክር ከዚያ በኋላም ድንጋይ ጠራቢነቱን አልተወም፤ ጉልበቱም አልቀነሰም። ወገቡን ያመመው ጊዜ ግን «ወገቤን» አለ። ቤቱ በጠያቂ ሞላ፤ ቢሻው ከነማሩ መጥቶ ሲያስቀው ሰነበተ። ወገቡ የዳነው በቅባቱ ይሁን በሳቁ አልተለየም።

ሌላም ነገር ተማረ። በአጥሩ ጎን የምትኖር አንዲት ባልቴት ነበረች፤ በመዶሻው ድምፅ፣ በፍየሎቹ፣ በሁሉም ነገር ትነዘንዘው ነበር። ድሮ ቢሆን እሱም መልስ ነበረው። አንድ ቀን እንደ ልማዷ ስትጮኽበት መዶሻውን አስቀምጦ «እህቴ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» አላት። ሴትዮዋ መጮኋን ተወች። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና፣ «ባሌ ከሞተ ወዲህ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» ብላ ልቧ እስኪወጣላት አወራችው። በማግሥቱ ጠዋት ከአጥሩ ወዲያ የሰማው «እንደምን አደርክ» የሚል ድምፅ ነበር።

ወገኖቼ፣ ሕመምን መቻል መልካም ነው፤ መደበቅ ግን መቻል አይደለም። የተደበቀ ሕመም አርፎ አይቀመጥም፤ ኩርፊያ ሆኖ ከሚስት ጋር፣ ንቀት መስሎ ከወዳጅ ጋር ያጣላል። «አመመኝ» ያለ ሰው ግን ሕመሙን ባይጨርሰውም ተሸካሚ ያገኝለታል፤ አንዳንዴም ሳቅ ያገኝለታል።

እስቲ እናንተም ዛሬ ፊቱን ያጠቆረባችሁን ሰው አስቡት። ተቀይሞ ነው ብላችሁ በቅሏችሁን ከመጫናችሁ በፊት፣ የቱ ጋ እንደሚያመው ጠይቃችሁታል? ወይስ ፊቱ የጠቆረው ሰው እናንተው ናችሁ?